ዝገት የሌለው እርጅና፤ የፖሊመር አካል ያላቸው ሽጉጦች ጽናትና የባለቤታቸው ኀላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በቡታጅራ ከተማ የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው ስብሰባ የተመረጠው አርእስት፣ አካላቸው ከፖሊመር ወይም በተለመደው አነጋገር ከፕላስቲክ የተሠራ ሽጉጦች እስከ ምን ድረስ እንደሚጸኑና ባለቤታቸውም ምን ኀላፊነት እንዳለበት የሚመለከት ነው። ነገሩ ለአንድ የቴክኒክ ባለሙያዎች ማኅበር እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ የቁሳቁስን ጠባይ ማወቅና ማሳወቅ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ቁሱ ሲከዳ የሰው እጅ፣ የሰው ዐይን፣ አንዳንዴም የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ዕቃ ሲሆን ደግሞ ዝም ማለት አይገባም።

በዚህ አካባቢ ስለ ጦር መሣሪያ ሲነገር ቃሉ ከባድ መሆኑ የታወቀ ነው። በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ መካከል የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት እንዳጠፋና ብዙ ቤተሰብ ከቀየው እንዳፈናቀለ የዘነጋ የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ፈቃድ ባለው ሰው ላይም ግዴታ ይጥላል። ስለሆነም ይህ ንግግር የሚመለከተው በሕግ የተፈቀደለትን ባለቤት፣ የድርጅት ጥበቃ ሠራተኛን፣ እንዲሁም ዕቃው በተበላሸ ጊዜ «እስቲ ይህን እይልኝ» ተብሎ የሚጠየቀውን የእጅ ባለሙያ ነው።

የንግግሩ ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲገለጽ የሚከተለው ነው። ብረት ሲያረጅ ይዝጋል፤ ዝገቱም ለባለቤቱ ይናገራል። ፕላስቲክ አይዝግም፤ እርጅናው ዝምተኛ ነው። ከዚህ የተነሣ የፖሊመር አካል ያለው መሣሪያ ባለቤት ከማጽዳት አልፎ መመርመርን፣ መጠገን በማይቻልበትም ጊዜ መተውን መልመድ ይኖርበታል።

ከእንጨት ሰደፍ ወደ ፖሊመር

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ለረጅም ዘመን የታወቁት ሁለቱ ቁሶች ብረትና እንጨት ናቸው። በሕዝቡ ዘንድ ውጅግራ እየተባለ የሚጠራው ጠበንጃ የፈረንሳይ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው የግራ ጠበንጃ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ከዘመተው ሠራዊት ትጥቅ መካከልም አንዱ ነበረ። ይህ ዓይነቱ ጠበንጃ ከመቶ ዓመት በላይ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ የቻለው ቁሱ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጥገናው ቀላል በመሆኑም ጭምር ነው። ሰደፉ ቢሰነጠቅ አናጢ ሌላ ይጠርብለታል፤ ያም ባይሆን በእርጥብ ጠፍር ይጠፈነግና ጠፍሩ ሲደርቅ ስንጥቁን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ብረቱ ቢዝግ ይወለወላል፤ ቅባትም ይቀባል። ባለቤቱ ችግሩን በዐይኑ ያያል፤ ባለሙያውም በእጁ ያቀናዋል።

ሰው ሠራሽ ሙጫ ወደ ጦር መሣሪያ የገባው ቀስ በቀስ ነው። ትውልዱ ቤልጂጋዊ የሆነው ሊዮ ቤከላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የፈለሰፈው ቤኬላይት፣ በሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊት አገልግሎት በተመረጠው በማካሮቭ ሽጉጥ ላይ ቡናማ የእጀታ ልባስ ሆኖ ይታያል። ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ያላቸው የክላሽንኮቭ ካዝናዎችም ከመስተዋት ቃጫ ጋር ከተዋሐደ ተመሳሳይ ሙጫ የተሠሩ ናቸው። በእነዚህ ጠበንጃዎችና ሽጉጦች ላይ ግን ፕላስቲኩ ልባስ ወይም መያዣ ነው፤ የመሣሪያው አጥንት አሁንም ብረት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በናይለን ነው። ናይለን እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካው የዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ በዋላስ ካሮዘርስ መሪነት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሬሚንግተን የተባለው ኩባንያ ናይለን 66 የሚል ስም የሰጠውን ቀላል የአደን ጠበንጃ ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1970 የጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮኽ፣ አካሉ ከፖሊመር የሆነውን ቪፒ70 ሽጉጥ አወጣ። ይህ ሽጉጥ እጅግም አልተስፋፋም። ከዚያ በኋላ የኦስትሪያ ሠራዊት አሮጌዎቹን ሽጉጦቹን ለመለወጥ ባሰበ ጊዜ፣ ቀደም ሲል ቢላዋና የመጋረጃ ዘንግ ይሠራ የነበረው ጋስቶን ግሎክ አንድ ሽጉጥ ለውድድር አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 በ94 ዓመቱ ያረፈው ይህ ሰው ያስፋፋው አሠራር ዛሬ በብዙ አገሮች ፖሊስና ሠራዊት ዘንድ የተለመደ ሆኗል። የአሜሪካ ጦርም እ.ኤ.አ. በ2017 የመረጠው ኤም17 ሽጉጥ የፖሊመር እጀታ ያለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። ከ1982 እስከ ዛሬ የተቈጠረው ዘመን ከአርባ ዓመት ብዙም አይበልጥም። መቶ ዓመት የሞላው ውጅግራ በዐይን ይታያል፤ መቶ ዓመት የሞላው የናይለን ሽጉጥ ግን በዓለም ላይ የለም። ስለ ፖሊመር ጽናት የሚነገረው ሁሉ በዚህ ወሰን ውስጥ መታየት ይኖርበታል።

ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው?

ፕላስቲክ የጥይትን ኀይል እንዴት ይችላል? ብሎ የማይጠይቅ የለም። መልሱ፣ አይችልም፤ እንዲችልም አይጠየቅም የሚል ነው። የተለመደው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ሲተኰስ በቀለሁ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት እስከ 2350 ባር ሊደርስ ይችላል። የአንድ የቤት መኪና ጎማ ግፊት ከ2 ባር እምብዛም የማይበልጥ መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። ይህን ግፊት የሚይዙት የብረቱ አፈሙዝና ከላዩ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ብረት ናቸው። የፖሊመሩ አካል ተግባር አፈሙዙ የሚያርፍበትን ብረት በቦታው መያዝ፣ ካዝናውን ማቀፍ፣ ምላጩንና ሞላዎቹን ማስቀመጥ፣ ለሰው እጅም መያዣ መሆን ነው። ተንሸራታቹም ብረት ቢሆን የሚሄደው በፕላስቲኩ ላይ አይደለም፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ ቅርጽ ማውጫው ሲፈስ አብረውት በተቀበሩ ትንንሽ የብረት ሐዲዶች ላይ ነው።

ይህን ለመረዳት የመስቃን ጭቃ ቤት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ግድግዳውን የሚያቆሙት ግንዱና ማገሩ ናቸው። ጭቃው ያያይዛል፣ ይሞላል፣ ይሸፍናል። ጭቃው ብቻውን እንዳይሰነጠቅ ጭድ ይጨመርበታል። በብዙ ሽጉጦች አሠራር ውስጥም የብረቱ ሐዲድ እንደ ማገር፣ ናይለኑ እንደ ጭቃ፣ አንዳንድ ፋብሪካዎች የሚቀላቅሉት አጭር የመስተዋት ቃጫም እንደ ጭድ ነው። ይህን ዓይነት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ግድግዳ መበላሸት የሚጀምረው ጭቃው ከማገሩ በሚላቀቅበት ቦታ ነው። በፖሊመር አካልም እንዲሁ ነው፤ አደጋው የሚበቅለው ሁለቱ ቁሶች በሚገናኙበት ስፍራ ነው።

የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው። የብረት ጥግግት በአንድ ሴንቲ ሜትር ኪዩብ 7.8 ግራም ያህል ሲሆን የናይለን 1.14 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራው የኮልት 1911 ሽጉጥ ባዶውን 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ግሎክ 17 ያለ ካዝናው 625 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሌሊቱን ሙሉ ታጥቆ ለሚቆም ጥበቃ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ናይለኑ በሚተኰስበት ጊዜ በጥቂቱ እየተለመጠ የመልሱን ግፊት ስለሚያበርድ ለእጅም ይመቻል። በውርጭ ጧት ሲጨብጡትም እንደ ብረት አይቀዘቅዝም።

ፖሊመርን የሚጐዱ ነገሮች

የመጀመሪያው የፀሐይ ብርሃን ነው። በፀሐይ ውስጥ ያለው አልትራ ቫዮሌት ጨረር የፖሊመርን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለት እየበጣጠሰ ያደቅቀዋል። ይህ ጨረር ከባሕር ጠለል በላይ በእያንዳንዱ 1000 ሜትር ከፍታ በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ቡታጅራ ከ2000 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ ስለሆነች ነገሩ በቀጥታ ይመለከታታል። ማስረጃውም በየቤቱ አለ። ደጅ የሚውል ቢጫ ጄሪካን በጥቂት ዓመት ውስጥ ቀለሙ ገርጥቶ፣ ገጹ ዱቄት መስሎ፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። በየግቢው የቆመው ጥቁር የውኃ ታንከር ግን የፀሐዩን ጉዳት እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ይቋቋማል፤ ምክንያቱም በውስጡ የተቀላቀለው ጥላሸት መሰል ካርቦን ጨረሩን ከገጹ አያሳልፈውም። ጄሪካንና ታንከር የሚሠሩበት ፕላስቲክ ከናይለን የተለየ ቢሆንም የፀሐዩ ጉዳት ግን አንድ ዓይነት ነው። አብዛኛው የፖሊመር ሽጉጥ ጥቁር የሆነውም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በአፎት ውስጥ የሚውል ጥቁር አካል ከፀሐይ ብዙም አይሠጋም፤ በመኪና መስታወት ሥር ተጥሎ የሚውለው ግን ይሠጋል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ናይለን 6 የተባለው ዓይነት የሚቀልጠው በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢሆንም፣ ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ይለሰልሳል፤ ሸክም ባለበት ቦታም ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለውጣል። በጥንቱ ልማድ ጠበንጃን ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ ወይም ጢስ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ መስቀል የተለመደ ነበር። ለእንጨቱ ይህ እምብዛም አይከፋም፤ ጢሱ ነቀዝን ያርቃል። ለናይለን ግን የምድጃ ቅርበት የተገባ ማስቀመጫ አይደለም፤ እርጥበት ያዘለው ጥቀርሻም በውስጡ ያለውን ብረት ያዝገዋል።

ሦስተኛው ኬሚካል ነው። ናይለን ዘይትንና ነጭ ጋዝን በደንብ ይቋቋማል፤ በዚህ ረገድ ባለቤቱ አይቸገርም። የባትሪ አሲድና በረኪና ግን ሰንሰለቱን ይበላሉ። በሽጉጥ ብረት ላይ ያየውን ዝገት በአሲድ ለማንሣት የሚሞክር ሰው ብረቱን አጸዳ ሲል አካሉን ይገድለዋል።

እርጥበትን በሚመለከት የተለመደው ግምት ትክክል አይደለም። ናይለን እንደ ጠፍር ነው፤ ፈጽሞ ሲደርቅ ደርቆ ይሰበራል፤ ጥቂት እርጥበት ሲያገኝ ይለዝባል፣ ይጠነክራልም። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ለናይለኑ ጠላቱ አይደለም። የሚጐዳው በውስጡ የተሸሸጉትን ሐዲዶች፣ ሞላዎችና ፒኖች ነው። ላብም ጨው ስላለበት ይብስባቸዋል። የብዙ ባለቤቶች ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ውጩ ፕላስቲክ ነውና አይዝግም በማለት ውስጡን ይረሳሉ። የሽጉጡ ክብደት አብዛኛው አሁንም ብረት መሆኑ አይታወሳቸውም።

አራተኛው ድካም ነው። በተተኰሰ ቁጥር አካሉ በጥቂቱ ይለመጣል፣ ተመልሶም ይቃናል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ እንደሚበጠስ፣ ብዙ ሺህ ጊዜ የተለመጠ ፖሊመርም በፒኖቹ ቀዳዳ ዙሪያና በሐዲዶቹ ሥር ይደክማል። ከየት እንደ መጣ በማይታወቅ ወይም በቤት በተሞላ ጥይት መጠቀም ይህን ድካም ከማፋጠኑም በላይ ሌላ አደጋ ያመጣል። ቀለሁ ቢፈነዳ የሚያመልጠው ጋዝ በካዝናው በኩል ወደ ታች፣ ማለትም ወደ ተኳሹ እጅ፣ መንገድ ያገኛል።

ባለቤቱና ጠጋኙ

እንግዲህ ዝምተኛውን እርጅና ማናገር የሚቻለው በምርመራ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ካዝናው ይወጣል፤ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ሆኖ ጥይት መቀመጫው ባዶ መሆኑ በዐይንም በጣትም ይረጋገጣል። ከዚያም መሣሪያው ፋብሪካው ባዘዘው መንገድ ተፈታቶ በደማቅ ብርሃን ይታያል። መታየት ያለባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ የብረት ሐዲዶቹ ከፕላስቲኩ የሚወጡበት ሥር፣ የፒኖቹ ቀዳዳዎች ዙሪያ፣ የምላጩ ከለላ ጥጎች፣ እንዲሁም የካዝናው መግቢያ ከንፈሮች። በጥቁር ፕላስቲክ ላይ ነጣ ያለ መስመር ከታየ ቁሱ ከመጠን በላይ መለመጡን ያመለክታል። ሐዲዱ ሲነካ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ወይም ፒን ያለ ኀይል ከቀዳዳው የሚወጣ ከሆነ፣ ሽጉጡ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከአገልግሎት ውጭ መሆን አለበት።

አስቸጋሪው ነገር ከዚህ በኋላ የሚከተለው ነው። በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ በየመንገዱ ዳር የሚሠሩት በያጆችና ጠጋኞች የተሰበረውን ሁሉ የሚያድኑ ባለሙያዎች ናቸው፤ የወፍጮ ዘንግ ይበይዳሉ፣ የባጃጅ አካል ያቀናሉ። የተቀደደ ጄሪካንን በጋለ ብረት አቅልጦ መድፈንም በብዙ ቦታ የተለመደ ጥበብ ነው። ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ነው። ነገር ግን ብረት በጋለበት ይቀጠቀጣል የሚለው ምክር ለሽጉጥ ፖሊመር አይሠራም። በጋለ ብረት የተደፈነ ናይለን የቀድሞው ናይለን አይደለም፤ በውስጡ የነበረው የመስተዋት ቃጫ በስንጥቁ ላይ ተቋርጦ ይቀራል፤ ሰንሰለቱም በሙቀት ይበጠሳል። ማጣበቂያም ቢሆን ናይለንን አጥብቆ አይዝም። በላዩ የዳነ መስሎ በውስጡ የተሰነጠቀ አካል ከግልጽ ስብራት ይልቅ አደገኛ ነው፤ ባለቤቱን ያታልለዋልና። ጄሪካን ዳግመኛ ቢቀደድ ውኃ ይፈሳል፤ ሽጉጥ ዳግመኛ ቢከዳ የሚፈሰው ደም ነው።

ሊለወጥ የሚገባውና የማይገባውም ተለይቶ መታወቅ አለበት። ሞላዎችና ፒኖች የሚያልቁ ክፍሎች ናቸው፤ ፋብሪካው በሠራው ተተኪ ይለወጣሉ። አካሉ ግን የሚጠገን ክፍል አይደለም።

መለያ ቁጥሩና ውርሱ

ባለቤትነትን በሚመለከት ፖሊመር ከብረት የሚለይበት ሌላም ነጥብ አለ። በብረት ሽጉጥ ላይ የመለያ ቁጥሩ በራሱ በአካሉ ላይ ይቀረጻል። በፕላስቲክ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ግን በቀላሉ ስለሚፋቅ፣ በግሎክና በመሰል ሽጉጦች ቁጥሩ የሚጻፈው በፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበረ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ነው። በኤም17 ደግሞ ቁጥሩን የሚይዘው በእጀታው ውስጥ ያለው፣ ምላጩንና ተያያዥ ክፍሎቹን ያቀፈው የብረት አካል ነው፤ ውጫዊው የፕላስቲክ እጀታ እንደ ልብስ ሊለወጥ ይችላል፤ የመሣሪያው ማንነት ግን ከብረቱ ጋር ይቀራል።

ይህ ልዩነት በሕግ ፊት ትልቅ ነገር ነው። ፈቃድ የሚጸናው በመለያ ቁጥሩ ተለይቶ በሚታወቅ መሣሪያ ላይ ነው። የቁጥሩ ሰሌዳ ከሟሸሸ ወይም ከተሰነጠቀ ፕላስቲክ ውስጥ ወልቆ ከጠፋ፣ ሐቀኛው ባለቤት በእጁ ያለው ዕቃ የተፈቀደለት መሆኑን ማስረዳት ይሳነዋል። ቁጥሩ ሆን ተብሎ ከተፋቀ መሣሪያም በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ ሰሌዳውን መጠበቅ አፈሙዙን ከመጠበቅ አያንስም፤ ጉዳት ሲደርስበትም ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማስታወቅ የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ውርስን በሚመለከት፣ የአባት ጠበንጃ ለልጅ የሚለው ሐሳብ ሁለት ገደቦች አሉበት። አንደኛው ሕጉ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው፣ ወራሽም ቢሆን፣ መሣሪያ ሊይዝ አይችልም። ሁለተኛው ቁሱ ነው። አያት የያዘው ውጅግራ ለልጅ ልጅ ሊደርስ ችሏል። የፖሊመር ሽጉጥ ግን ስንት ጊዜ እንደተተኰሰበት፣ በየትኛው ጥይት፣ በየትኛው ፀሐይና ሙቀት እንደዋለ የሚያስረዳ መዝገብ ከሌለው፣ ወራሹ የሚቀበለው ውጩን ጥቁርና ለስላሳ፣ ውስጡን ግን የማይታወቅ ዕቃ ነው።

ከባለሙያው የሚጠበቀው

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ለማኅበሩ አባሎች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የተሰነጠቀ የሽጉጥ አካል ለጥገና ሲቀርብለት ማንኛውም ባለሙያ አልሠራም ማለትና ምክንያቱን ማስረዳት ይገባዋል፤ ለአንድ ቀን ገቢ ሲባል የሰው እጅ አይሸጥም። ሁለተኛ፣ ባለፈቃዱ በሕጉ መሠረት ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት በሚቀርብበት ጊዜ ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን መሣሪያው ራሱ በዐይን ቢመረመር፣ ለዚህም ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የምርመራ መምሪያ ማኅበሩ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ቢያዘጋጅ ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የሚሰጠው የብረታ ብረት ትምህርት የፖሊመርን ጠባይ እንዲጨምር፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና መምህራንም የአካባቢው ፀሐይና ሙቀት በፕላስቲክ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት በሙከራ እንዲያጠኑ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥናቱ ከሽጉጥ ይልቅ ለውኃ ቧንቧ፣ ለታንከርና ለኤሌክትሪክ ሽፋን የበለጠ ይጠቅማል፤ የእንሰት ቃጫ በፖሊመር ውስጥ የመስተዋትን ቃጫ ሊተካ መቻል አለመቻሉን ለመመርመርም በር ይከፍታል።

ፖሊመር ጥሩ ቁስ ነው። በልኩ ከተሠራና በልኩ ከተያዘ አርባ ዓመት ማገልገሉን አስመስክሯል። ከብረት የሚለየው ሲያረጅ ማስጠንቀቂያ ስለማይሰጥ ነው፤ ብረት በዝገቱ የሚናገረውን እዚህ መናገር ያለበት የባለሙያው ዐይን ነው። የሚያየውም ባለሙያ ያየውን ለባለቤቱ በግልጽ እንዲነግር፣ ባለቤቱም ሽጉጡ ያበቃለት መሆኑ ሲነገረው በሕግ አግባብ እንዲያስረክብ ያስፈልጋል። በሰው ወገብ ላይ የሚታጠቅና ልጆች ባሉበት ቤት የሚያድር ዕቃ ነውና፣ ዕድሜውን በግምት መተው አይቻልም።